ሯጭ ከመጥራታችን በፊት መንገዱን እንጠግን

በአንድ የተፋሰስ ልማት ምክክር ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን፣ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየን። ቦታው ጣሊያን አገር ነው። በኮረብታ ላይ፣ በወይን ማሳና በድንጋይ ካብ መካከል፣ ብዙ ሰው ዳገቱን እየተንጠላጠለ ይሮጣል። ወጣቱ “እንዲህ ያለ ተራራ ደሃና ሞልቶን የለም ወይ? እኛስ ለምን እንዲህ ያለ ውድድር አናዘጋጅም? እንግዳ ይመጣል፤ ገቢ ይገኛል” አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ስልኩን ተቀብለው፣ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው እያዩ “ልጄ፣ ማን እያባረራቸው ነው?” ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ በረድ ሲል ግን አዛውንቱ ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። “መንገዱንስ ማን ሠራላቸው?” አሉ። ለዚህኛው መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

እኔም ያን ዕለት ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ምክንያቱም መልሱ ስለ ጣሊያን ሯጮች ብቻ የሚነግረን አይደለም። በየዓመቱ በላባችን ስለምንሠራው እርከን፣ ወደ ገበያ ስለምንነዳት አህያ፣ ትምህርት ቤት ስለሚሄደው ልጃችን ጭምር የሚነግረን ነገር አለው። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን መልሴን በዚህ አምድ ላቀርብ ወደድሁ።

አስቀድሜ ስለ ሩጫው ዓይነት ጥቂት ልበል። ይህ በስታዲየም መም ወይም በአስፋልት ላይ የሚደረግ ሩጫ አይደለም። በተራራ፣ በጫካ፣ በማሳ ዳርና በገጠር የእግር መንገድ ላይ ነው የሚሮጠው። ርቀቱ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጀምሮ ከመቶ በላይ ይደርሳል። በሰሜን ጣሊያን በአኦስታ ሸለቆ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ አንድ ውድድር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመንገዱ ያለው ዳገት ሁሉ ቢደመር 24 ሺህ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለሯጮቹ የሚሰጣቸው ጊዜም 150 ሰዓት ነው። ሊጉሪያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ክልል፣ ቺንኩዌ ቴሬ በተባሉት አምስት መንደሮች ደግሞ በወይን እርከኖች መካከል የሚሮጥ 47 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ውድድር አለ። ስሙ ራሱ የተወሰደው የአካባቢው ገበሬ ከሚጠምቀው ጣፋጭ የወይን ጠጅ ስም ነው። ወደ እንዲህ ያሉ ውድድሮች ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ሽልማት ፈልጎ አይመጣም። የመመዝገቢያ ይከፍላል፣ ከመንደሩ ቤት ይከራያል፣ የመንደሩን እህልና መጠጥ ይቀምሳል፣ ተራራውን አይቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህን መንገድ ማን ሠራው? ገበሬ ነው የሠራው።

በጣሊያን ኮረብታዎች ላይ ያለው የእግር መንገድ አብዛኛው የበቅሎ መንገድ ነበር። ገበሬው ወይኑን፣ የወይራ ፍሬውን፣ ከሰሉንና ማገዶውን በበቅሎ የሚያወርድበት ነው። ድንጋይ አንጥፎ፣ ዳገቱ በጸናበት ደረጃ እየሠራ፣ ውኃው የሚሄድበትን ቦይ እያበጀ ያወጣው መንገድ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን እርከንም ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይን ከድንጋይ እያገጣጠመ ነው የካበው። እኛ ካብ የምንለው ይኸው ጥበብ ነው። ዩኔስኮ ይህን የደረቅ ድንጋይ ካብ ጥበብ ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ስም በ2011 ዓ.ም. የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ለካብ ጥበብ ግን እኛም እንግዳ አይደለንም። የኮንሶ እርከንና በካብ የታጠሩ መንደሮች ከዚያ ቀድመው፣ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የእረኞቹ መንገድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከአብሩዞ ተራሮች ተነስተው ክረምቱን በፑሊያ ሜዳ ለማሳለፍ በጎቻቸውን የሚነዱ እረኞች የሚሄዱባቸው ረጃጅም ጎዳናዎች ነበሩ። የትልልቆቹ ስፋት 111 ሜትር ይደርስ ነበር። ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ በሞፈሩ እየገፋ እንዳያጠብባቸው በሕግ ተከልለው ነበር። ዛሬ በጉ ቢቀንስም ጎዳናው ስላልታረሰ ተጓዡና ሯጩ ይሄድበታል። ስለዚህ አዛውንቱ አባታችን ለጠየቁት መልሱ ይህ ነው፦ መንገዱ ለሯጭ ተብሎ አልተሠራም። ገበሬው ለበቅሎው፣ እረኛው ለበጉ ያበጀው መንገድ ነው። ሯጩ የመጣው በኋላ ነው።

ገበሬው ኮረብታውን ሲለቅ ምን እንደሚመጣም ከዚያው ከቺንኩዌ ቴሬ እንማራለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአካባቢው ወጣት ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ፈለሰ። ወይን ይተከልበት ከነበረው እርከን አብዛኛው ጠባቂ አጣ። ካብ ደግሞ ጠባቂ ካጣ አንድ ድንጋይ ይወድቃል፤ በዚያ ክፍተት ውኃ ይገባል፤ ውኃው ሌላውን ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። በጥቅምት 2004 ዓ.ም. በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወረደ ከባድ ዝናብ ቬርናዛና ሞንቴሮሶ የተባሉትን መንደሮች በጭቃና በድንጋይ ሞላቸው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የዝናቡ ብዛት ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ የተተዉ እርከኖች ከሚታረሱትና ከሚጠገኑት ይልቅ ለመንሸራተት ቀላል መሆናቸው በዘርፉ ባለሙያዎች በደንብ የሚታወቅ ነው። ዓመት ሳይሞላ በመስከረም 2005 ዓ.ም. “የፍቅር መንገድ” በሚባለው ዝነኛ የእግር መንገድ ላይ ቋጥኝ ወድቆ ጎብኚዎችን አቆሰለ። መንገዱ ተዘግቶ የተከፈተው ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች የሚሄድ ጎብኚ ካርድ ገዝቶ ይገባል፤ ገንዘቡም ለመንገዱ ጥበቃ ይውላል።

ከዚሁ ጋር የአገራችንን ልጅ አጊቱ ጉደታን ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው አጊቱ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጣሊያን ተሰድዳ፣ በትሬንቲኖ ተራሮች ሰው የተወውን የግጦሽ መሬት ይዛ ፍየል ማርባት ጀመረች። ያረባችው ዝርያ ቁጥሩ የተመናመነ የአካባቢው ፍየል ነበር። ከወተቱ አይብ እየሠራች ሸጠች፤ ስሟም በመላ ጣሊያን ታወቀ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሕይወቷ በግፍ አለፈ። ሥራዋ ግን አንድ ነገር አስተምሮ አልፏል፦ ተራራ የሚኖረው የሚያርሰውና የሚያረባው ሰው ሲኖረው ነው። ፍየል የሚበዛበት የዋግ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሩጫና ጣሊያን ሲነሱ የአበበ ቢቂላ ስም ሳይነሳ አይታለፍም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከሮጠባቸው ጎዳናዎች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት መሠራት የጀመረው የአፒያ መንገድ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ የድንጋይ መንገድ፣ ከእኛ አገር የሄደ ባዶ እግር ረገጠው። ለዚያ እግር ብርታት የሰጠው ግን የሮም መንገድ አልነበረም፤ የአገር ቤት ዳገት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአርሲ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር፣ ሲሮጥም ግራ እጁን ደብተር እንደያዘ ሰው አጠፍ የሚያደርገው ከዚያ ልማድ እንደቀረበት ራሱ ተናግሯል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያደጉበት በቆጂም የገጠር መንገድ ያለበት ደጋ ነው።

የእኛም ልጆች በየቀኑ እንዲህ ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ከደሃና ቀበሌዎች ወደ አምደወርቅ ገበያ የሚወጣው ሰው፣ ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ የሚሄደው መኪና መንገድ ላይ እስኪደርስ ድረስ ስንት ዳገትና ስንት ቁልቁለት እንደሚያልፍ የሚያውቀው ያውቀዋል። መኪና የማይገባበት ጎጥ ብዙ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገባው፣ እህል፣ ማርና ፍየል የሚወጣው በእግር መንገድ ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወጣው በዚሁ ነው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ቦይ ውስጥ ቃሬዛ አያልፍም። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ያለመ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው እንቁላልም፣ አትክልትም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ከቤት ቤት የሚደርሱት በዚሁ መንገድ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ይህ መንገድ ግን ዛሬ በብዙ ቦታ ታሟል። በሽታውም ራሱን ብቻ አይገድልም፤ እርከኑንም ይገድላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእግር መንገድ ሰውና ከብት ስለሚመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ውኃ አያሰርግም። አቋራጭ ስለምንወድ ደግሞ መንገዱ ተራራውን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የክረምት ዝናብ ሲመጣ ውኃው ከማሳው ሸሽቶ ዝግጁ ቦይ ያገኛል። መጀመሪያው ዓመት ጣት የምታህል ፈር ትወጣለች። በሁለተኛው ዓመት የአህያ ኮቴ ያሰፋታል። በሦስተኛው ዓመት መንገዱ ቦረቦር ይሆናል። ሰው ቦረቦሩን ትቶ በጎኑ ሌላ መንገድ ያወጣል፤ እሱም ተራውን ጠብቆ ይቦረቦራል። ከአንድ ተዳፋት ላይ ሦስትና አራት ቦይ ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ያየው ጎርፉ ብቻውን የሠራውን አይደለም። መንገዱን የት እንደምናወጣ ሳናስብ የቀረንበትን ነው።

ሁለተኛው በሽታ ከሞፈር ይመጣል። ከመንገዱ አጠገብ የሚያርስ ሰው በየዓመቱ አንድ ፈር ወደ መንገዱ ይገፋል። ማዶ ያለውም እንዲሁ ያደርጋል። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ የተጫነች አህያ ማሳለፍ ሲያቅተው፣ ሰው የሌላ ሰው ማሳ ገብቶ ሰብል ይረግጣል። ከዚያ ጠብ ይመጣል። ቀበሌ የሚከሰሰው ግን ሰብል የረገጠው መንገደኛ እንጂ መንገድ ያረሰው ጎረቤት አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ጥፋቱ የራሳችን የባለሙያዎችና የአመራሮች ነውና ነው። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ሲሠራ፣ መስመሩ በውኃ ልክ ይለካል፣ በችካል ይወሰናል፣ ከዚያ ሥራው ይጀመራል። መንገዱ ግን በዕቅዱ ላይ የለም። እርከኑ መንገዱን ቆርጦ ያልፋል። በማግስቱ ገበያተኛ ሲመጣ መተላለፊያ ያጣል፤ ድንጋዩን አንስቶ ያልፋል። ያች የተከፈተች ቦታ በመጀመሪያው ዝናብ በር ትሆናለች። እርከኑ ያቆረው ውኃ ሁሉ በእሷ በኩል ይወጣና ከታች ያለውን እርከን ይመታል። እርከኑ በየተራ እየተሰበረ እስከ ታች ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ “ኅብረተሰቡ እርከን አፈረሰ” ይላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ኅብረተሰቡ ማለፊያ ቢተውለት ኖሮ አያፈርስም ነበር። ሰው ገበያ መሄዱን አያቆምም፤ ልጅም ትምህርት ቤት መሄዱን አያቆምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ግልጽና ቀላል ነው። የእግር መንገዱ የተፋሰስ ዕቅድ አካል ይሁን። እርከን፣ ክትር፣ የጎርፍ መቀልበሻና ችግኝ በሚቆጠሩበት ሠንጠረዥ ላይ መንገዱም አንድ ዓምድ ይኑረው። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የማኅበረሰብ መንገድ ሥራ ከአፈርና ውኃ ጥበቃ ጋር በሕዝባዊ ሥራዎች ውስጥ ያለ ነው። ጉልበቱ አለ፤ ድንጋዩም ዋግ ውስጥ አልጠፋም። የጎደለው አሳቢ ነው።

ሥራውን ለሚያውቀው ባለሙያ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሆኖም ለውይይት መነሻ እንዲሆን ዋና ዋናውን ልጥቀስ።

መንገዱ ተራራውን ቀጥ ብሎ ከሚወርድ በጎኑ እየተጠማዘዘ ቢወርድ ይሻላል። ጥሩ መለኪያ የሚሆነው የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ከበለጠ ውኃው መንገዱን ቤቱ ያደርገዋል። የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁል በኩል ጥቂት ዘንበል ቢል ውኃው ሳይጠራቀም በሰፊው ይፈስሳል። ከዚህም በላይ በየተወሰነው ርቀት መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ የድንጋይ ቀልባሽ መቅበር ያስፈልጋል። በ100 ሜትር 5 ሜትር ለሚወርድ መንገድ በየ40 ሜትሩ ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ 15 ሜትር ለሚወርደው ግን ከ15 እስከ 20 ሜትር ባለው ርቀት ያስፈልጋል። አፈሩን አይቶ ባለሙያው ያስተካክለዋል። የተቀለበሰው ውኃ የሚሄደው ወደ ሣር ወይም ወደ ተከለለ ቦታ መሆን አለበት። የጎረቤት ማሳ ላይ የምንለቀው ከሆነ ግን የአንዱን ችግር ወደ ሌላው አሻገርን እንጂ አልፈታነውም።

ዳገቱ በጸናበት ደረጃ ይሠራ። ነገር ግን ደረጃው ለሰው ብቻ ታስቦ ከሆነ የተጫነች አህያ አትወጣውም፤ በጎኑ ትሄድና ሌላ ቦይ ትከፍታለች። ለአህያ የሚሆነው ከፍታው ዝቅ ያለ፣ ወርዱ ሰፋ ያለ ደረጃ ነው። መንገዱ ከእርከን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ካቡን አፍ ለአፍ ከፍቶ ከመተው ይልቅ፣ ጫፍና ጫፉን አሳልፎ መካብ ሰውን ያሳልፋል፣ ውኃን ይይዛል። የተዘጋውን አቋራጭ በድንጋይና በእሾህ ዘግቶ፣ እሬትና ቃጫ መትከል ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰው አካፋ ይዞ መንገዱን ቢያይ፣ በአንድ ሰዓት የሚደፈነው ቀዳዳ በቀጣዩ ዓመት የመቶ ሰው ሥራ ከመሆን ይድናል።

ስለ ስፋቱ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ድርሻ አለው። የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የግል ማሳ ወሰን እንደሚለካ ሁሉ፣ የጋራ መንገድ ወሰንም በቋሚ ድንጋይ ይመልከት። መለኪያው ቀላል ይሁን፦ ሁለት የተጫኑ አህዮች ሳይጋፉ የሚተላለፉበት፣ ቃሬዛም የሚያልፍበት። ከዚያ ያለፈ ሞፈር ከጋራ ሀብት እንደ ወሰደ ይቆጠር። ለዚህ ሽማግሌዎች ካሉ ክስ አያስፈልግም።

አሁን ወጣቱ ወደ ጠየቀው ጥያቄ ልመለስ። መንገዱ ከተሠራ በኋላስ ሯጭ ይምጣ ወይስ አይምጣ?

“እኛ የምንበላውን እያሰብን፣ አንተ ስለ ፈረንጅ ሩጫ ታወራለህ” የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል ነው። ዋግ ድርቅን ደጋግሞ ያየ፣ በጦርነት የተጎዳ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን የተጠጋበት አካባቢ ነው። ሰላም ሳይጸና እንግዳ ጥራ የሚል ሰው የእንግዳውንም የባለቤቱንም ደኅንነት አላሰበም። እኔም ዛሬውኑ ውድድር ይዘጋጅ አልልም። የምለው፣ መንገዱ ዛሬ ቢሠራ ነገ ሯጭ ቢመጣም ባይመጣም አርሶ አደሩ አይከስርም ነው። የጣሊያኑ ገበሬ ለበቅሎው ብሎ ሠራ፤ ሯጩ የልጅ ልጆቹ ትርፍ ሆነ። እኛም ለአህያችን ብለን እንሥራ።

እንግዳን በተመለከተ ደግሞ ምሳሌው ከጣሊያን ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ጎረቤት ላይ አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በተባለ ድርጅት አጋዥነት አርሶ አደሩ ራሱ የሚያስተዳድረው የእግር ጉዞ ቱሪዝም ተጀምሮ ነበር። መቋት ማርያምና ዋጀላን በመሳሰሉ ቦታዎች ማኅበረሰቡ በራሱ አሠራር የሣር ክዳን ጎጆ ሠርቶ እንግዳ ያሳድር ነበር። ምግቡን የመንደሩ ሴቶች ያበስላሉ፤ ዕቃውን የመንደሩ አህዮች ይጭናሉ፤ መንገዱን የመንደሩ ልጆች ያሳያሉ፤ የሚገኘው ገቢም በመንደሩ ይቀራል። በኋላም ሐሳቡ ወደ ላስታ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ዘልቋል። እንግዳው የሄደው ገበሬው በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ለእሱ ተብሎ አስፋልት አልተነጠፈም። ሰላሙ ሲናጋ እንግዳው ቀረ፤ ገበሬው ግን ማሳው፣ አህያውና መንገዱ አብረውት ነበሩ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ቱሪዝም ከእርሻው ላይ የሚጨመር እንጂ እርሻውን የሚተካ አይሁን።

የደሃና ሩጫ አንድ ቀን ይመጣል ብለን ካሰብንም፣ ውሉን ከወዲሁ የሚጽፈው አርሶ አደሩ ይሁን። ሰብል ማሳ ላይ እያለ አይሮጥ፤ ጊዜው አውድማ ከተነሳ በኋላ ይሁን። ከእርከን ላይ አይሮጥ። ከግጦሽ የተከለለው ተራራ ለከብት ከተዘጋ ለሰው ጫማም ይዘጋ። ከገቢው ለመንገዱ ጥገና የሚቀመጠው ድርሻ በቀበሌው ስብሰባ በግልጽ ይወሰን፤ ቀሪው ምን እንደሚሆንም በዚያው ይነገር። መንገድ መሪው፣ ምልክት አቋሚው፣ ውኃ አቅራቢው የአካባቢው ወጣት ይሁን። ምልክቱም በአማርኛና በኽምጣና ይጻፍ፤ የየጎጡና የየወንዙ ስም በሕዝቡ አንደበት እንዳለ ይቀመጥ። ማር ያላት እናት ማሯን፣ ፍየል ያለው ቆዳውንና ሥጋውን በመንገዱ ዳር ይሽጥ።

እስከዚያው ግን የራሳችንን ሩጫ እንጀምር። ሐሳቤ እንዲህ ነው። የዘንድሮ የተፋሰስ ሥራ ሲጠናቀቅ፣ ርክክቡ በወረቀት ብቻ አይሁን። በየተፋሰሱ የተጠገነው መንገድ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች አንድ ቀን ይሩጡ። ከተፋሰሱ ራስ ተነስተው እስከ እግርጌው ይውረዱ፤ ከዚያ ይመለሱ። ከኋላቸው ደግሞ አንዲት የተጫነች አህያ ትከተል። ልጁ ሳይደናቀፍ፣ አህያዋም ሳትንሸራተት ከወጣች ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ኃላፊውና ባለሙያው ቆመው ያያሉ፤ ካልተመቸም የት ላይ እንዳልተመቸ ልጆቹ ይናገራሉ። ሽልማቱ ደብተርና እስክርቢቶ ቢሆን ይበቃል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ነገ በአገር ስም የሚሮጥ ቢወጣ ደግሞ ትርፍ ነው፤ በበቆጂ የሆነው በደሃና የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገዱን በተፋሰስ ዕቅዱ ያስገባ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ወሰኑን ያስከብር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ልጆቹን ያዘጋጅ። አርሶ አደሩ ደግሞ ከራሱ ማሳ አጠገብ የሚያልፈውን መንገድ ከእርከኑ ለይቶ አይየው። በማሳው ላይ ያለው አፈርና በመንገዱ ላይ የሚሄደው ውኃ የአንድ ተራራ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አይድንም።

ምክክሩ አልቆ ስንበታተን አዛውንቱን ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። መንገዱ ከተሰበረበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ከጎን ድንጋይ አንስተው ከቦዩ አፍ ላይ አስቀመጡና አለፉ። “አባቴ፣ ይረዳል ብለው ነው?” ብላቸው፣ “አንዷ አትረዳም፤ ያለፈው ሁሉ አንድ አንድ ቢያስቀምጥ ግን ካብ ነው” አሉኝ። ደሃና ውስጥ በየቀኑ በየመንገዱ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ ድንጋዩም አላነሰንም።